መሸኛ የሌለው ላፕቶፕ

ባለፈው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ ከወረታ ስልክ ተደወለልኝ። የአክስቴ ልጅ ነው። "ጋሼ፣ ላፕቶፑ የሌላ ሰው ነኝ እያለኝ ነው" አለኝ። መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። ልጁ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። አክስቴ የፎገራ ገበሬ ናት፤ ሩዝ ሸጣ፣ የዕቁብ ብር ጨምራ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛችለት። ከውጭ የገባ ነው፣ ሰውነቱ ጭረት እንኳ የለውም። ስምንት ወር ያለ ችግር ሠራ። ከዚያ ቀርፈፍ ሲልበት ወደ ጥገና ቤት ወሰደውና "ፎርማት አድርጉልኝ" አለ። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጫነ፣ ዋይፋይ ተገናኘ። ያኔ ስክሪኑ ላይ ሰምቶት የማያውቅ የውጭ አገር ድርጅት ስምና ዓርማ ብቅ አለ። ከሥሩ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ኢሜይልና የይለፍ ቃል ይጠይቃል።

ጠጋኙ ሦስት ጊዜ ፎርማት አደረገው። ሦስት ጊዜም ያው ስም ወጣ። አክስቴ ስልኩን ተቀብላ "ልጄ፣ ከፍለን አይደል እንዴ የገዛነው? ታዲያ የማን ነው?" አለችኝ።

እኔ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው። የመጀመሪያ ሐሳቤም "የትኛው ቺፕ ላይ ነው የተጻፈው?" የሚል ነበር። እየቆየሁ ስገባበት ግን የአክስቴ ጥያቄ ከእኔ ጥያቄ የበለጠ ወደ ነገሩ ሥር የሚወስድ ሆኖ አገኘሁት። ኮምፒውተር ከተፈጠረ ጀምሮ "ማሽኑ የማን ነው?" የሚለው ጥያቄ መልሱ ሲቀያየር ነው የኖረው። እስቲ ታሪኩን አብረን እንየው።

ዋስ ጥራ

ወረታን ለማታውቋት፦ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የደብረ ታቦርና የወልዲያ መንገድ የሚገነጠለውም ከእሷ ነው። ዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ ነው። የጉማራና የርብ ወንዞች በክረምት እየሞሉ የሚያለብሱት፣ ከጣና ዳር የተዘረጋ ለጥ ያለ መሬት። ሩዝ በደርግ ዘመን ነው የገባው፤ ዛሬ የአገሪቱ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ነው። ከሩዝ በፊት ግን ፎገራ የሚታወቀው በላሙ ነበር፣ አሁንም በላሙ ይታወቃል።

የከብት ገበያ ውስጥ ያደገ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። የማታውቀው ሰው በሬ ሲሸጥልህ በሬውን ብቻ አታይም፣ "ዋስ ጥራ" ትለዋለህ። በሬው የተሰረቀ ሆኖ ነገ ባለቤቱ ቢመጣ የሚጠየቅ ሰው ያስፈልጋል። ሰውም ቢሆን ከቀበሌ ቀበሌ ሲዛወር መሸኛ ይዞ ይሄዳል። መሸኛ ማለት የድሮው ቀበሌ "ይህ ሰው ከእኛ መዝገብ ወጥቷል፣ ተቀበሉት" የሚልበት ደብዳቤ ነው። መሸኛ ካልያዘ አዲሱ ቀበሌ አይመዘግበውም፣ አሮጌው መዝገብ ላይ ደግሞ ስሙ እንዳለ ይቀራል። ሰውዬው እዚህ፣ ስሙ እዚያ።

የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ማሽኑ ወረታ መጥቷል፣ ስሙ ግን ውጭ አገር ባለ መዝገብ ላይ ቀርቷል። አንድ ድርጅት ላፕቶፑን ከአገልግሎት አስወጥቶ ሲሸጥ መሸኛ አልጻፈለትም።

ማሽኑ ኪራይ የነበረበት ዘመን

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ኮምፒውተርና የካርድ መቁጠሪያ ማሽን የሚባለው ነገር በአብዛኛው አይሸጥም ነበር። አይቢኤም ማሽኖቹን ያከራይ ነበር። ባንኩ ወይም መሥሪያ ቤቱ በየወሩ ይከፍላል፣ ማሽኑ ሲያረጅ ኩባንያው መጥቶ ይወስደዋል። ያኔ የአክስቴ ጥያቄ ቀላል መልስ ነበረው፦ ማሽኑ የአይቢኤም ነው፣ በቃ። በ1956 እ.ኤ.አ. ግን የአሜሪካ መንግሥት የፀረ ሞኖፖሊ ክስ በስምምነት ሲዘጋ፣ አይቢኤም ማሽኖቹን ከማከራየት ጎን ለጎን ለመሸጥም ተገደደ። በዚህም ያገለገለ ኮምፒውተር ገበያ በር ተከፈተለት።

ሶፍትዌሩስ? ሶፍትዌር ያኔ እንደ ምርቃት ነበር፤ ማሽኑን ለወሰደ አብሮት ይሰጠዋል። በሰኔ 1969 እ.ኤ.አ. አይቢኤም ሶፍትዌርን ለብቻው ዋጋ እንደሚያወጣለት አስታወቀ። ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ በ1976 እ.ኤ.አ.፣ የ20 ዓመቱ ወጣት ቢል ጌትስ ለኮምፒውተር አፍቃሪዎች ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬ ነገሩ "ፕሮግራማችንን ሳትከፍሉ እየገለበጣችሁ ነው፣ ይህ ስርቆት ነው" የሚል ነበር። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ አንድ አዲስ ክፍፍል ተፈጠረ። ብረቱን ትገዛለህ፣ ያንተ ነው። ሶፍትዌሩን ግን አትገዛም፤ የምትገዛው የመጠቀም ፈቃድ ነው። ላይሰንስ የምንለው ይህን ነው።

ልብ በሉ፣ ከዚህ በኋላ አንድ ላፕቶፕ ሁለት ባለቤት ሊኖረው ይችላል። የብረቱ አንድ፣ በውስጡ ያለው ፈቃድ ሌላ።

ማሽን እንዴት ይታወቃል?

ፈቃድ የሚሰጥ ሰው መቁጠር ይፈልጋል፣ ለመቁጠር ደግሞ መለየት ያስፈልጋል። በ1988 እ.ኤ.አ. ፍሌክስ ኤል ኤም የሚባል የላይሰንስ ሰርቨር ወጣ። በዩኒቨርሲቲ የኢንጂነሪንግ ሶፍትዌር የነካ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ተጠቅሞበታል። አሠራሩ የቤተ መጻሕፍት ነው። ዩኒቨርሲቲው 20 ፈቃድ ገዝቶ ከሆነ፣ ፕሮግራሙን ስትከፍቱ አንዱን ትዋሳላችሁ፣ ስትዘጉ ትመልሳላችሁ። 21ኛው ተማሪ "ላይሰንስ የለም" ይባላል።

በ2001 እ.ኤ.አ. ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲወጣ ይኸው ነገር ወደ ተራው ተጠቃሚ ወረደ። ዊንዶውሱ የኮምፒውተሩን ክፍሎች አይቶ አንድ መለያ ይሠራል፣ ያንን መለያ በኢንተርኔት ወይም በስልክ ለማይክሮሶፍት አሳውቆ "አክቲቬት" ይደረጋል። ብዙ ሃርድዌር ከቀየራችሁ ማሽኑ ራሱን አያውቅም፣ እንደገና አክቲቬት አድርጉ ይላል።

አገራችንም ተመሳሳይ ነገር አይታለች። እያንዳንዱ የሞባይል ቀፎ 15 አሃዝ ያለው አይ ኤም ኢ አይ የሚባል ቁጥር አለው። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢትዮ ቴሌኮም ቀፎዎችን በዚህ ቁጥር መመዝገብ ሲጀምር፣ ብዙ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ "ስልኬ እኔ የማላየው መዝገብ ላይ ስም አለው" የሚለውን ነገር ተረዳ። ቀፎው በእጅህ ነው፣ መዝገቡ ግን ሌላ ቦታ ነው።

ልጓሙ ሲረዝም

እስካሁን ያየነው መቁጠርን ነው። ቀጣዩ እርምጃ መቆጣጠር ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ብላክቤሪ ለድርጅቶች የሚሆን ሰርቨር አወጣ። ሠራተኛው ስልኩን ታክሲ ውስጥ ቢረሳው የአይቲ ሰውዬው ከቢሮው ሆኖ በውስጡ ያለውን እንዲያጠፋ የሚያስችል ሥርዓት እየሆነም ሄደ። ባንኮችና መንግሥታት ወደዱት።

በ2010 እ.ኤ.አ. አፕል አይፎንን በርቀት ማስተዳደር የሚያስችል ሥርዓት በአይ ኦ ኤስ 4 አስገባ። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ የተሰረቀ አይፎን ባለቤቱ ሳይፈቅድ እንደገና እንዳይነሳ የሚያደርገውን መቆለፊያ ጨመረ። ማይክሮሶፍት ኢንቲዩን የሚባለውን የመሣሪያ አስተዳደር አገልግሎት በ2011 እ.ኤ.አ. አወጣ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ አውቶፓይለትን አመጣ። የአክስቴን ልጅ ያስጨነቀው ይህ የመጨረሻው ነው።

አውቶፓይለት እንዴት ነው የሚሠራው? ድርጅቱ 500 ላፕቶፕ ገዛ እንበል። የአይቲ ክፍሉ 500ውን እየከፈተ እንዳይጭን፣ የእያንዳንዱ ላፕቶፕ የሃርድዌር አሻራ በማይክሮሶፍት ሰርቨር ላይ በድርጅቱ ስም ይመዘገባል። አሻራው ከማዘርቦርዱ፣ ከመለያ ቁጥሩና ከሌሎች ክፍሎች የሚወጣ ነው። ሠራተኛው አዲሱን ላፕቶፕ ከካርቶኑ አውጥቶ ኢንተርኔት ሲያገናኘው፣ ዊንዶውስ "እኔ ማን ነኝ?" ብሎ ሰርቨሩን ይጠይቃል። ሰርቨሩም "አንተ የእገሌ ድርጅት ነህ" ይለዋል። የድርጅቱ ስም ስክሪኑ ላይ ይወጣል፣ የሚያስፈልገው ሁሉ ራሱ ይጫናል። ለድርጅቱ ትልቅ እፎይታ ነው።

አሁን ጠጋኙ ለምን እንደተሸነፈ ግልጽ ነው። ፎርማት የሚያጠፋው ዲስኩ ላይ ያለውን ነው። ስሙ ግን ዲስኩ ላይ የለም። ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ አዲስ ቢያስገባም ለውጥ የለውም። እኔ "የትኛው ቺፕ ላይ ነው?" ያልኩትም ስህተት ነበር፤ ላፕቶፑ ውስጥ ያለው አሻራው ብቻ ነው፣ የባለቤቱ ስም የተጻፈው ሩቅ ያለ ሰርቨር ላይ ነው።

ታዲያ ስምንት ወር እንዴት ሠራ? ጥያቄው የሚጠየቀው ዊንዶውስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ነው። ሻጩ ሲጭነው ኢንተርኔት አላገናኘው ይሆናል፤ ስለዚህ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ቀኑ የደረሰው ወረታ ላይ ነው።

ሁለት መዝገብ

ይህን ሳነብ "የእኛ አገር መሥሪያ ቤቶችስ?" ብዬ አሰብኩ። በወረቀት ደረጃ የኢትዮጵያ የንብረት አስተዳደር ጥብቅ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ሲገዛ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ ሠራተኛ ሲወስደው በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋል። ሠራተኛው ሲለቅ ክሊራንስ ይጠየቃል፤ ንብረት ክፍል ካልፈረመ ደብዳቤው አይሰጠውም። ተማሪም ብትሆኑ ታውቁታላችሁ፣ አንድ መጽሐፍ ያልመለሰ ዶክመንቱን አያገኝም። ለረጅም ጊዜ የሠራው የፌዴራል የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 ያገለገለ ንብረት እንዴት እንደሚወገድ ይደነግግ ነበር፤ በኋላም በአዲስ አዋጅ ተተክቷል። ማለትም ንብረት ሲወጣ መፈረም ባህላችን ውስጥ አለ።

ግን ይህ ሁሉ የተሠራው ለወንበር፣ ለጠረጴዛና ለመኪና ነው። ወንበር ከመጋዘን ከወጣ ወጣ ነው። ላፕቶፕ ግን ሁለተኛ መዝገብ አለው፣ ሰርቨር ላይ። ንብረት ክፍል ፈርሞ በጨረታ ቢሸጠው፣ አይቲ ክፍል ካልሰረዘው ላፕቶፑ ግማሽ አካሉ ብቻ ነው የወጣው።

ቁጥሩ ሲበዛ ነገሩ ቀልድ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳ ኔት በሳተላይት ወረዳዎችን ማገናኘት ሲጀምር፣ የአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተሮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ አንድ ባለሙያ በቃሉ ያውቃቸዋል። ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ግን 180 ሺህ ገደማ ታብሌቶች ተገዙ። ቆጠራው በ2011 ዓ.ም. ተራዘመ። 180 ሺህ መሣሪያ ማን ጋ እንዳለ፣ ምን እንደተጫነበት፣ መቼ ከአገልግሎት እንደሚወጣ በደብተር መከታተል አይቻልም። ታብሌት ደግሞ እንደ እህል ጎተራ ውስጥ አይቀመጥም፤ ባትሪው ሳይነካም ያረጃል፣ አንድሮይዱም ማሻሻያ የሚያገኝበት ጊዜ ያልፋል። እንዲህ ያለ ግዥ ሲፈጸም፣ የመውጫው ሥርዓት ከመግቢያው ጋር አብሮ መታሰብ አለበት።

ቅደም ተከተሉ ለምን ያስፈልጋል?

መሸኛው እንዴት ይጻፋል? ነገሩ አንድ ቁልፍ መጫን አይደለም። ቅደም ተከተል አለው፣ ቅደም ተከተሉም ምክንያት አለው። የዊንዶውስን ላፕቶፕ ምሳሌ እንውሰድ።

በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ፋይል ሁሉ ይወጣል። ይህ ለምን ቀደመ? ዛሬ የብዙ መሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ዲስክ የተመሰጠረ ነው፤ የመክፈቻው ቁልፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ድርጅቱ መዝገብ ላይ ካለው የላፕቶፑ ስም ጋር ነው። ስሙን ቀድማችሁ ከሰረዛችሁ ቁልፉም አብሮ ይሄዳል። የሦስት ዓመት የመስክ መረጃ ዲስኩ ውስጥ እያለ ማንም ላይከፍተው ይችላል።

ሁለተኛ፣ ዳታው ይጠፋል። ይህን እንደ ቀላል አትዩት። በ2003 እ.ኤ.አ. ሁለት የኤም አይ ቲ ተማሪዎች ያገለገሉ 158 ሃርድ ዲስኮችን ገዝተው ያገኙትን ይፋ አደረጉ። ከሚሠሩት 129 ዲስኮች ውስጥ በትክክል የጸዱት 12 ብቻ ነበሩ። በቀሩት ላይ የሕክምና መረጃ፣ የግል ደብዳቤ፣ በሺዎች የሚቆጠር የክሬዲት ካርድ ቁጥር ተገኘ። ተራ ፎርማት የመጽሐፍን ማውጫ እንደመቅደድ ነው፤ ገጾቹ እዚያው ናቸው። በአሁኖቹ ኤስ ኤስ ዲ ዲስኮች ላይ ደግሞ ደጋግሞ መጻፍም አያስተማምንም፣ ምክንያቱም ዲስኩ እንዳያልቅ ብሎ ጽሑፉን በራሱ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ስለዚህ የዲስኩን የራሱን የማጥፊያ ትእዛዝ መጠቀም፣ ወይም የተመሰጠረ ከሆነ የምስጠራውን ቁልፍ ማጥፋት ይሻላል። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ፣ የሰው መረጃ ያለበትን ዲስክ እንዲሁ ገበያ ማውጣት ከቸልተኝነት ያለፈ ነገር ነው።

ሦስተኛ፣ ላፕቶፑ ከአስተዳደር ሥርዓቱ ይወጣል። አራተኛ፣ የሃርድዌር አሻራው ከአውቶፓይለት ይሰረዛል። ብዙዎች የሚረሱት ይህን አራተኛውን ነው፤ ከሦስተኛው ጋር አንድ ይመስላቸዋል። አይደለም። ሦስተኛው "ከእንግዲህ አላዝህም" ማለት ነው፤ አራተኛው "ከእንግዲህ የእኔ አይደለህም" ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ሦስተኛውን አግኝቷል፣ አራተኛውን አላገኘም። አምስተኛ፣ በተጠቃሚዎች ማውጫ ውስጥ የቀረው ስሙ ይጠፋል። ስድስተኛው ላይሰንሱን ማስመለስ ነው፤ እዚህ ላይ እኔም ጥፋተኛ ነኝ።

የሌሉ ማሽኖች የያዙት ወንበር

ላይሰንስ ሲመለስ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "ከምን ጋር ነው የታሰረው?" የሚለው ነው። ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው ከብረቱ ጋር የታሰረ ነው፤ ላፕቶፑ ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት የመጣ ዊንዶውስ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ይህ ከላፕቶፑ ጋር ይሄዳል፣ አይመለስም፣ መመለስም የለበትም፤ የገዢው ነው። ሁለተኛው ከሰው ጋር የታሰረ ነው። ኢንቲዩን በአብዛኛው በተጠቃሚ ነው የሚከፈልበት፣ ስለዚህ ላፕቶፑን መሰረዝ ብቻውን ወጪ አይቀንስም፤ ሠራተኛው ከለቀቀ ፈቃዱን ከእሱ አካውንት ላይ ማንሳት ያስፈልጋል። ሦስተኛው ከማሽን ቁጥር ጋር የታሰረ ነው። ብዙ ፀረ ቫይረስና አንዳንድ የኢንጂነሪንግ ሶፍትዌር እንዲህ ነው። አሮጌው ላፕቶፕ ላይ "ዲአክቲቬት" ካልተደረገ ቦታውን እንደያዘ ይቀራል። እሱም ዲስኩ ከመጥፋቱ በፊት መሆን አለበት፤ ከጠፋ በኋላ የሚዘጋው ፕሮግራም የለም።

በርብ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ የተከራየውን የውሃ ፓምፕ ሥራ ሲጨርስ ሳይመልስ ቢያስቀምጠው፣ ፓምፑ ባይሠራም ኪራዩ ይቆጥራል። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። እኔ ግን ማስተርስ እየሠራሁ አላወቅሁትም።

የምሠራበት ቤተ ሙከራ የላይሰንስ ሰርቨሩን እንድከታተል አደራ ተሰጥቶኝ ነበር። 20 ወንበር አለን። ባለፈው ዓመት አንዲት የመመረቂያ ሥራዋን የምትሠራ ተማሪ ለሁለት ሳምንት ያህል "ላይሰንስ የለም" እየተባለች ስትመለስ ከረመች። ሌሊት ሰው ሲቀንስ ትመጣ ነበር። እኔም "ተጠቃሚ በዝቶ ነው፣ ታገሺ" አልኳት። የአክስቴ ልጅ ከደወለልኝ በኋላ ነው የሰርቨሩን ፋይል ከፍቼ ያየሁት። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ለተወሰኑ ኮምፒውተሮች በስማቸው ወንበር አስይዞላቸዋል። ስድስት ስም። ስድስቱም ኮምፒውተሮች ተበላሽተው መጋዘን ከገቡ ቆይተዋል። የሞቱ ማሽኖች ወንበር ይዘው፣ በሕይወት ያለች ተማሪ ውጭ ቆማ ነበር። ስድስቱን መስመር ለመሰረዝ ከአምስት ደቂቃ በላይ አልፈጀብኝም። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ግን ሁለቱን ሳምንት የሚመልስላት የለም።

ገንዘቡም ቀላል አይደለም። አብዛኛው ላይሰንስ የሚከፈለው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ማንም የማይጠቀምበት ላይሰንስ በአንድ ክረምት ዋጋው በብር እጥፍ ሊሆን ደረሰ ማለት ነው።

ሳይሞት የተቀበረ

ነገሩ ከአንድ ተማሪና ከአንድ ቤተ ሙከራ ያልፋል። በ2022 እ.ኤ.አ. ዓለማችን 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አውጥታለች፤ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ከሩቡ ያነሰ ነው። አገራችን የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝን የሚመለከት ደንብ ቁጥር 425/2010 አውጥታለች፤ በአዲስ አበባ አቃቂም ኮምፒውተር የሚታደስበትና የሚፈታበት ማዕከል ተቋቁሞ ነበር። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ደግሞ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ስለዚህ በየአገሩ ያሉ ድርጅቶች ብዙ ላፕቶፕ እያስወጡ ነው፤ ከፊሉም ዞሮ ዞሮ ወደ እኛ ገበያ ይመጣል።

መዝገቡ ያልተፈታለት ላፕቶፕ ፕሮሰሰሩ ደህና፣ ስክሪኑ ደህና፣ ባትሪው ደህና ሆኖ ሳለ እንደ ቆሻሻ ሊጣል ይችላል። ሳይሞት ይቀበራል። አንድ ላፕቶፕ በዕድሜው ለሚያስከትለው ብክለት ትልቁ ድርሻ ያለው ሲመረት ስለሆነ፣ አራት ዓመት ሊጨምር የሚችለውን መጣል ድርብ ኪሳራ ነው።

ለፍትሕ ያህል ግን መቆለፊያው ጠላት አይደለም። የተሰረቀ ላፕቶፕ የማይሸጥ ከሆነ ሌባው ይቀንሳል፤ የከብት ገበያው ዋስም ለዚሁ ነው። ችግሩ መቆለፊያው የተሰረቀውን ከተሸጠው መለየት አለመቻሉ ነው። የሚለየው ሰው ነው፤ ያ ሰው ሥራውን ሳይጨርስ ወደ ሌላ ከሄደ፣ ሐቀኛ ገዢም እንደ ሌባ በር ላይ ይቆማል።

ደብዳቤው

የአክስቴን ልጅ መቆለፊያውን የሚያልፍ መንገድ ፈልግ አላልኩትም። ስክሪኑ ላይ ስሙ ለወጣው ድርጅት ደብዳቤ ጻፍን። የመለያ ቁጥሩን ከላፕቶፑ ሆድ ላይ ፎቶ አንስተን፣ የት እንደተገዛ ጽፈን፣ "የተሰረቀባችሁ ከሆነ ንገሩን፣ የሸጣችሁት ከሆነ ግን ከመዝገባችሁ አውጡልን" አልን። አክስቴ "የተሰረቀ ቢሆንስ?" አለችኝ። "እንመልሳለን" አልኳት። ዝም አለች። ሩዙን እንደገና በልቧ እየቆጠረች እንደሆነ ገባኝ።

አሥራ አንድ ቀን መልስ የለም። ልጁ ፈተናው ደርሶ ማስታወሻውን በጓደኛው ላፕቶፕ ላይ በፈረቃ ያነብ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አጭር ኢሜይል መጣ። ላፕቶፑ ከሌሎች ጋር በጅምላ እንደተሸጠ አረጋግጠዋል፣ ከአስተዳደር ሥርዓቱ ወጥቶ እንደነበር ግን አሻራው ሳይሰረዝ እንደቀረ ገልጸዋል፣ አሁን ሰርዘነዋል ብለዋል፣ ይቅርታም ጠይቀዋል። በማግስቱ ልጁ ዊንዶውሱን እንደገና ጫነ። የማንም ስም አልወጣም። "ስምህን አስገባ" አለው፤ አስገባ።

ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ከሆነ አንድ ምክር አለኝ። ሻጩ ፊት እንደ አዲስ አስጀምሩት፣ ኢንተርኔት አገናኙት፣ የማን ስም እንደሚወጣ እዩ። ሻጩ "ኢንተርኔት አያስፈልግም" ካለ ዋስ የሌለው በሬ እንደያዘ ቁጠሩት። አንድ ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት የአይቲ ኃላፊ ከሆናችሁ ደግሞ የሞዴል 22 ፊርማ ላይ አትቁሙ፤ ሰርቨሩንም ክፈቱ።

እኔ አሁን በየሴሚስተሩ መጨረሻ የላይሰንስ ዝርዝሩን አትሜ መጋዘን ይዤ እገባለሁ። ስም በስም፣ ማሽን በማሽን አመሳክራለሁ። ለአክስቴም ላፕቶፑ የማን እንደሆነ ነገርኳት። "ድሮም እኮ የእኛ ነበር" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የቀረው መሸኛው ነበር።